«ሰነፍ» አትበሉት፤ ልጁ ፈርቷል

በየሰንበቴው፣ በየለቅሶ ቤቱና በየቡናው ዙሪያ ስንገናኝ ስለ ልጆቻችን የምናወራው ወሬ ከሁለት ዓይነት አይዘልም። አንደኛው አፍ ሞልቶ የሚነገረው ነው፦ የእገሌ ልጅ ሐኪም ልትሆን ነው፣ የእገሊት ልጅ ኢንጂነር ሆኖ ተመረቀ። ሁለተኛው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገረው ነው፦ የእነ እገሌ ልጅ ተበላሸ፣ ፖሊስ ያዘው፣ ከቤት ወጥቶ ቀረ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ማንም የማያወራለት፣ ወላጆቹም ከወዳጅ ከዘመድ የሚደብቁት ልጅ አለ። አልሰከረም፣ አልሰረቀም፣ ከክፉ ጓደኛ አልገጠመም። ትምህርት ቤት መሄድ ብቻ አቅቶታል።

ማለዳ ሲቀሰቅሱት ሆዴን ይላል። ከአልጋው ሲያወርዱት ራሴን ይላል። ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ ሲደርስ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቱ ይገረጣል፤ አንዳንዱም ያስመልሰዋል። አውቶቡሱ ካለፈና «በቃ ዛሬ ቅር» ከተባለ በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሕመሙ ይለቀዋል። ቅዳሜ ደህና ነው። እሑድ ሲመሽ እንደገና ይጀምረዋል። ሌሊቱን በአረጋውያን መጦሪያ ሠርታ የተመለሰች እናት፣ ወይም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ታክሲውን አስነሥቶ የወጣ አባት ይህን ሲያይ ምን ይበል? «እኔ በዚህ ብርድ የምለፋው ለማን ነው? ይኸ ልጅ ሊያታልለኝ ነው» ይላል። ስሙም በዚያው ይወጣለታል፤ ሰነፍ።

ይህ ስም ስሕተት ነው። ስሕተት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ልጁን ይጎዳል። ይህን ዓምድ ዛሬ የያዝኩት፣ ከእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ እንዲህ ያለውን ልጅ በዱላ እናቀናዋለን የሚሉትንም፣ አዝነው ቤት እንዲውል የሚፈቅዱለትንም፣ ሕክምናውን የፈረንጅ ቅንጦት ነው ብለው የሚያጣጥሉትንም ለመሞገት ነው። ሦስቱም ልጁን ይወዱታል፤ ስለ ፍቅራቸው አልከራከርም። የምከራከረው ስለ ውጤቱ ነው።

ፎርፎ ሌላ፣ ፍርሃት ሌላ

አገር ቤት የተማርን ሁሉ ፎርፎን እናውቃለን። የሚፎርፍ ተማሪ ደብተሩን ይዞ ከቤት ይወጣል፤ ክፍል ግን አይገባም። ኳስ ሜዳ ወይም ሲኒማ ቤት ይውልና ወላጁ እንዳያውቅበት ከተማሪ ጋር እኩል ወደ ቤቱ ይመለሳል። የፈራ ልጅ ነገሩ ተቃራኒ ነው። አይደበቅም፤ እቤት ነው ያለው፤ ወላጁ እያየው ነው። ብዙውን ጊዜ ደንበኛ ተማሪ ነው፤ ትምህርቱ ስላለፈው ያለቅሳል። «ነገ እሄዳለሁ» ሲል ከልቡ ነው። ነገ ሲነጋ ግን አካሉ እምቢ ይለዋል።

ይህን ልዩነት ባለሙያዎች ካወቁት ቆይተዋል። አደሌይድ ጆንሰን የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው «የትምህርት ቤት ፍርሃት» ብለው ስም አውጥተው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1941 ነው (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጃንሆይ ከስደት ወደ አዲስ አበባ በተመለሱበት ዓመት መሆኑ ነው። እንግዲህ ነገሩ የስልክና የኢንተርኔት ዘመን ያመጣው የዘንድሮ ልጅ ቅብጠት ነው የሚለው አባባል ከመነሻው አያስኬድም።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ክሪስቶፈር ካርኒና ዌንዲ ሲልቨርማን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ልጅ ትምህርት ቤት እምቢ የሚልባቸውን ምክንያቶች በአራት ከፍለው አስቀምጠዋል። አንዱ ከትምህርት ቤቱ ውስጥ ጭንቀት ከሚቀሰቅስበት ነገር ይሸሻል፤ አውቶቡሱ፣ የኮሪደሩ ግፊያ፣ ጫጫታው ሊሆን ይችላል። ሌላው የሰው ዓይን ይፈራል፤ ፈተና፣ ክፍል ፊት ቆሞ መናገር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻውን መቀመጥ ያስጨንቀዋል። ሦስተኛው ከእናቱ ወይም ከአባቱ መለየት አይችልም። አራተኛው እቤት ያለው ነገር ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ይስበዋል። አንዱ ልጅ ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን ደርቦ ሊይዝ ይችላል። አባቶቻችን «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ያሉት ለዚህ ነው። አራቱ ምክንያቶች አራት የተለያየ መድኃኒት ይፈልጋሉ። የእኛ መድኃኒት ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ቁጣ።

እስቲ ወደ ራሳችን ቤት እንመልሰው። በ13 ዓመቱ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር መጥቶ ሚድል ስኩል የገባ ልጅ አለን። አገሩ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረ ነው። እዚህ አፉን በከፈተ ቁጥር ይሳቅበታል፤ ስሙ ሲጠራ እንኳ ተጣሞ ነው። የሰው ዓይን ቢፈራ ይገርማል? ደግሞም እናቱ ቤሩት ወይም አሜሪካ ስትንከራተት ከአያቱ ጋር አድጎ፣ ከስንት ዓመት የወረቀት ውጣ ውረድ በኋላ እናቱን ያገኘ ልጅ አለን። እናቱን የሚያውቃት በስልክ ድምፅ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ከእሷ ሲለይ ሆዱ ቢላወስ ስንፍና ነው? አንድ ጊዜ ያጣትን ድጋሚ እንዳያጣት መፍራቱ ነው።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» ለሚሉ

አንዳንድ ወገኖች «እኛ አገር እንዲህ ያለ በሽታ አናውቅም» ይላሉ። እስቲ ቋንቋችንን እንጠይቀው። ሆዴን ባር ባር አለኝ የምንለው ምንድን ነው? ልቤ ተሸበረ፣ ብርክ ያዘኝ፣ ጨነቀኝ ጠበበኝ፣ ነፍሴ አልረጋ አለች የምንለውስ? አንድ ሕዝብ ለማያውቀው ነገር ይህን ያህል ቃል አያከማችም። ደብተሩን በቃሉ የሚወጣ ጎበዝ ተማሪ ፈተና ሲቀርብ ሁሉ ነገር ጠፍቶበት ሲቀር «ዓይነ ጥላ ያዘው» እንል አልነበረም? በሽታው ነበረ፤ ስሙ ሌላ ነበር። ያንን ተማሪ ግን ማንም አልቆጠረውም። ትምህርቱን አቋርጦ በዚያው ቀረ፤ ዛሬ ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ «እኔም ልጅ ሆኜ እንዲህ ነበርኩ» ሊል አልቻለም። «እኛ በረሃብም በጦርነትም መሐል ተምረናል» የምንለው እኛ፣ ያለፍነው ነን። የቀሩት ሲናገሩ አልሰማንም።

እዚህ አገር ግን ተቆጥሯል። በ2010 የወጣና ከ10 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ወጣቶችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 ከሆነው መካከል 31.9 በመቶ ያህሉ በሕይወታቸው አንድ ወቅት ላይ የጭንቀት ሕመም ደርሶባቸዋል፤ ኑሯቸውን ክፉኛ እስከሚያውክ የጸናባቸው ደግሞ 8.3 በመቶ ናቸው። የአገሩ የመከላከያ ሕክምና መርማሪ ቡድን በ2022 ሐኪሞች ከ8 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ልጆች ሁሉ ስለ ጭንቀት እንዲጠይቁ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቻችን የሚማሩት በዚያው ትምህርት ቤት፣ የሚተነፍሱት ያንኑ አየር ነው። ከዚህ ቁጥር ውጪ የሚያደርጋቸው ምን የተለየ ክታብ አስረንላቸዋል?

ዱላውም እዝነቱም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፍርሃት አንድ ጠባይ አለው፤ ሲሸሹት ይከተላል። ልጁ በር ላይ ደርሶ ሲመለስ ልቡ ይረጋል፣ ሆዱ ይለቀዋል። ያ እፎይታ ለሽሽቱ የሚከፈል ደመወዝ ነው። ደመወዝ የተከፈለበት ሥራ ደግሞ ነገም ይሠራል። አካሉ «የዳንኩት ባለመሄዴ ነው» ብሎ ይማራል። ዓርብ የቀረ ልጅ ሰኞ መሄድ ከዓርቡ የበለጠ ይከብደዋል፤ ከገና ዕረፍት በኋላ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በዚህ ላይ ያለፈው የቤት ሥራና «የት ጠፍተህ ነው?» የሚለው የጓደኞች ጥያቄ ይታከልበታል። ሁለት ቀን የነበረው ሁለት ሳምንት፣ ሁለት ሳምንቱ ሁለት ወር ይሆናል።

ስለዚህ «እኔ ልጄን አላስጨንቅም፣ ሲሻለው ይሄዳል» የምትል እናት ደግ ናት፤ ነገር ግን ሳታውቀው የምትመግበው ፍርሃቱን ነው። እቤት ተቀምጦ የሚሻለው ልጅ የለም። ከሐኪም ሐኪም እየተዟዟሩ የሆድ ምርመራ ብቻ ማስደጋገምም የሽሽቱ አካል ይሆናል። አንድ ጊዜ በደንብ ይመርመር፤ ሌላ በሽታ እንደሌለ ይጣራ፤ የሚደበድበው ወይም የሚያስፈራራው ልጅ ካለም ይጠየቅ፤ ካለ ትምህርት ቤቱ ያስቁምለት። ከዚያ በኋላ ግን ሆዱን ያመመው ከፍርሃት የተነሣ መሆኑን መቀበል ነው። ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ሆዱ በእውነት ያመዋል።

ዱላውስ? «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ቅጣት ድፍረት ያበዛን ልጅ ይመልስ ይሆናል፤ የፈራን ልጅ ግን በምን ያስደፍረዋል? ከፊት ትምህርት ቤቱን የሚፈራው ልጅ አሁን ከኋላ አባቱን ይፈራል። በሁለት እሳት መካከል ገባ ማለት ነው። «አዲስ አበባ መልሼ ነው የምልክህ» የሚለው የተለመደው ማስፈራሪያችን ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። እናቱን እንዳያጣ ለሚፈራ ልጅ፣ ያ የፈራውን ነገር በአፋችን ማረጋገጥ ነው። እንዲህ የተባለ ልጅ አይድንም፤ ዝም ይላል። እኛም ዝምታውን መታዘዝ ይመስለናል።

ጊዜውም አይጠብቅም። እዚህ አገር ከትምህርት ቀኑ 10 በመቶ የቀረ ተማሪ ሥር በሰደደ ቀሪነት ይመዘገባል። ዓመቱ 180 የትምህርት ቀን ቢሆን 18 ቀን ነው፤ በወር ሁለት ቀን ብቻ ማለት ነው። ወላጅ በወር ሁለት ቀን ምን አላት ብሎ ሲተወው ልጁ ከመስመሩ ወጥቷል። ያለ ማስረጃ የቀረበት ቀን ሲበዛ ደግሞ ደብዳቤ ይመጣል፤ ከደብዳቤው ቀጥሎ ፍርድ ቤት ሊኖር ይችላል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፣ ጩኸታችን ዛሬ ነው መሆን ያለበት።

ቴራፒ ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን ቴራፒ ሲባል የሚታየን በፊልም ያየነው ነው፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ እናትና አባትን ማማት። ወይም ደግሞ የሚያደነዝዝ ኪኒን። ለእንዲህ ያለው ፍርሃት የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ከዚህ ጋር አይገናኝም። ሥራ ነው፤ የቤት ሥራም አለው። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ያህል፣ ለሦስት ወይም ለአራት ወር የሚቆይ ነው። ልጁ መጀመሪያ አካሉን ማወቅ ይማራል፤ ልቡ የሚመታው ሊሞት ስለሆነ ሳይሆን ስለፈራ መሆኑን፣ ያም ከፍ ብሎ ተመልሶ እንደሚወርድ። ቀጥሎ ሐሳቡን መያዝ ይማራል፤ «ሁሉም ይስቁብኛል» ሲል «ባለፈው ስንቱ ሳቀ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ። ዋናው ግን ሦስተኛው ነው፤ የፈራውን ነገር በመሰላል ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ።

ይህም ጥንታዊ ጥበብ ነው። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች ወጣት ተመራማሪ ጥንቸል የሚፈራን ጴጥሮስ የተባለ ሕፃን፣ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያቀረበችለት በመጨረሻ በእጁ እስኪዳብሳት እንዳደረሰችው ያሳተመችው በ1924 ነው። ለእኛም አዲስ አይደለም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን።

አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ሦስት ሳምንት ቀርታለች እንበል። መሰላሏ ይህን ሊመስል ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በትምህርት ሰዓት ተነሥታ፣ ለብሳ፣ ከእናቷ ጋር በመኪና እስከ ትምህርት ቤቱ በር ትደርሳለች፤ ፍርሃቱ ጋብ እስኪል ትቀመጥና ትመለሳለች። ቀጥሎ ተማሪ ከወጣ በኋላ ገብታ ካውንስለሯን ታናግራለች። ቀጥሎ የምትወደውን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ትማራለች። ቀጥሎ ሁለት፤ ከዚያ ግማሽ ቀን፤ ከዚያ ምሳ ሰዓት፤ ከዚያ ሙሉ ቀን። በየደረጃው የምትማረው አንድ ነገር ነው፦ ሳልሸሽም ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ይህን በቃል ብዛት ማንም ሊያስተምራት አይችልም፤ አካሏ ራሱ ማየት አለበት።

ይሠራል ወይ ለሚል መልስ አለ። በ2008 በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ከ7 እስከ 17 ዓመት ያሉ ጭንቀት የጸናባቸው 488 ልጆችን ለ12 ሳምንት ተከታትሏል። ከአስመሳይ ኪኒን በቀር ምንም ካልተሰጣቸው ልጆች መካከል በደንብ የተሻላቸው 23.7 በመቶ ነበሩ። ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 54.9 በመቶ፣ የንግግር ሕክምናውን ብቻ ካገኙት 59.7 በመቶ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ካገኙት 80.7 በመቶ ተሻላቸው። ሁሉንም አላዳነም፤ ተአምር ነው ብዬ አልሸጥም። ነገር ግን ከአሥር ልጅ ስምንቱ የሚሻለውን መንገድ ትቶ በቁጣ መተማመን የማን ብልኅነት ነው? መድኃኒቱ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን ከሐኪሙ ጋር መክሮ መወሰን የወላጅ መብት ነው።

«ልጄ ሐኪም ዘንድ አልሄድም ይላል» የሚሉም አሉ። እንግዲያውስ እናንተ ሂዱ። የዬል ዩኒቨርሲቲው ኤሊ ሌቦዊትዝና ባልደረቦቹ በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ 124 ጭንቀት ያለባቸው ልጆች በሁለት ተከፍለው ነበር። በአንደኛው ወገን ልጆቹ ራሳቸው ታከሙ፤ በሌላው ወላጆች ብቻ እየሄዱ ሠለጠኑ። በወላጆቻቸው በኩል የተረዱት ልጆች ራሳቸው ከታከሙት አላነሱም። ወላጆቹ የተማሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፍርሃቱን ለማስታመም እቤት ውስጥ የሚያደርጉትን ነገር ቀስ በቀስ መቀነስ። ሁለተኛ፣ ማዘንንና ማመንን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር፦ «እንደፈራህ አውቃለሁ ልጄ፤ ችለህ እንደምትወጣውም አውቃለሁ።» ይህች ቃል ዱላም እዝነትም አይደለችም። ከሁለቱም ትበልጣለች።

ልጁ እቤት የቀረበት ቀንም የበዓል ቀን አይሁን። በትምህርት ሰዓት ይነሣ፣ ይልበስ፣ ደብተሩን ይክፈት። ስልኩና ቴሌቪዥኑ ትምህርት ቤት እስኪለቀቅ ይቀመጡ። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ለሽሽቱ የሚከፈለውን ደመወዝ መቀነስ ነው።

የምንደበቅባቸው ሰበቦች

የመጀመሪያው ሰበብ «ሰው ምን ይለኛል» ነው። አገራችን ለረጅም ዘመን ለአእምሮ ሕመም ብቻ የቆመ አንድ አማኑኤል ሆስፒታል ነበራት። ስሙ ራሱ ስድብ እስኪሆን ድረስ፣ እዚያ የገባን ሰው በሙሉ አበደ ስንል ኖርን። በ2001 የታተመ የቡታጅራ ጥናት ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ዘመዶች መካከል ሦስት አራተኛው ያህል መገለል እንደሚሰማቸው አሳይቷል። ያንን ፍርሃት ባሕር አሻግረን ይዘነው መጥተናል። ነገር ግን የፈራ ልጅ እብድ አይደለም፤ ወደ እብደት የሚሄድም አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እኛ ደግሞ የምንደብቀው የራሳችንን ሳይሆን የልጃችንን ነው። እዚህ አገር ቴራፒስት የሰማውን ለጎረቤት ሊያወራ ቀርቶ፣ ለትምህርት ቤቱ እንኳ የሚያስተላልፈው ወላጅ ፈርሞ ሲፈቅድ ነው። የልጁ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን፣ ወይም ልጁ ሲበደል ሕጉ የተለየ ነው።

ሁለተኛው «ጸሎትና ጸበል ይበቃዋል» የሚለው ነው። ጸሎቱን ማንም አይንቅም፤ የሚጸልይ ቤተሰብ ያለው ልጅ ትልቅ ምሰሶ አለው። ነገር ግን የኤድስ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ይኸው ክርክር ተነሥቶ፣ ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በ2007 ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ መናገራቸውን እናስታውስ። ለሰውነት የተፈቀደው ለተጨነቀ ልብ የሚከለከለው በየትኛው ቀኖና ነው?

ሦስተኛው «መንግሥት ልጄን ይወስድብኛል» የሚለው ነው። ይህ ፍርሃት ከባዶ አልመጣም፤ ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ ልቡ ይመታል። ነገር ግን ጉዳዩን ወደ ባሰ ቢሮ የሚወስደው ዝምታው ነው። ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ «ልጄ በጭንቀት ምክንያት መምጣት አቅቶታል፣ ሕክምና እየፈለግን ነው፣ ስብሰባ እንፈልጋለን» ብሎ ያሳወቀ ወላጅና ስልክ የማያነሣ ወላጅ በአንድ ዓይን አይታዩም።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። የ1973ቱ ሕግ አንቀጽ 504፣ በትምህርት ቤቱ አጠራር ፋይቭ ኦ ፎር የሚባለው፣ ሕመሙ ትምህርቱን የሚያሰናክልበት ልጅ ማስተካከያ እንዲደረግለት ያስገድዳል። አርፍዶ መግባት፣ ሲጨንቀው ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ መመለስ፣ ፈተናን ለብቻው መፈተን ከማስተካከያዎቹ መካከል ናቸው። ከ1975 ጀምሮ ያለው የልዩ ትምህርት ሕግም ወላጅ በጽሑፍ ጠይቆ ልጁን እንዲያስመረምር ይፈቅዳል። ለስብሰባው አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ክፍያው የትምህርት ቤቱ ነው። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ ራሱ ሕመም በራሱ አፍ ለእናቱ እንዲተረጉም የተደረገ ልጅ እውነቱን እንዴት ይናገር?

አራተኛው ገንዘብ ነው። እውነተኛ ችግር ነው፤ አልክድም። ቢሆንም ለአእምሮ ሕክምና የሚከፍል ኢንሹራንስ ከሰውነት ሕክምናው የከበደ ገደብ እንዳያደርግ በ2008 በወጣው ሕግ ተከልክሏል። ሜዲኬይድ ያለው ልጅ ደግሞ 21 ዓመት እስኪሞላው አስፈላጊ የሆነው የአእምሮ ሕክምና ሊሸፈንለት ይገባል። የትምህርት ቤቱ ካውንስለርና ሶሻል ወርከር ገንዘብ አይጠይቁም። እንደ ገቢ መጠን የሚያስከፍሉ ክሊኒኮችም አሉ። መጀመሪያ የልጁን ሐኪም ጠይቁ። ስትጠይቁም እንዲህ በሉ፦ «ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ በመጋፈጥ የሚያክም ሰው ነው የምፈልገው።» ለወራት ወሬ ብቻ የሚያወራ፣ ወላጅን የማያናግር፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር የማይገናኝ ቴራፒስት ካጋጠማችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ልጁ ሞትን የሚያነሣ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ከ2022 ጀምሮ በአገሩ ሁሉ የሚሠራውን 988 ደውሉ፤ በአስተርጓሚ ማነጋገር ይቻላል።

ከእኛ የሚጠበቀው

ይህን ሁሉ ለአንዲት ደክሟት ለምትገባ እናት ብቻዋን አሸክሞ መሄድ ግፍ ነው። ትምህርት ቤቶቹም ጥፋት አለባቸው። አማርኛ ብቻ ለምታነብ እናት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስፈራሪያ መላክ አስተዳደር አይባልም። ነገር ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆን፣ የራሳችንንም እንናገር።

ሰው ሲሞትብን አስከሬን አገር ለመላክ በሁለት ቀን ውስጥ ስንት ሺህ ዶላር እንደምናሰባስብ እናውቃለን። ዕድራችን ለሬሳ ይሮጣል፤ ያስመሰግነናል። አልጋው ውስጥ ተጠቅልሎ ለሚንቀጠቀጥ የ15 ዓመት ልጅ ግን ዕድር የለም። ከዚያው ገንዘብ ጥቂቱ ኢንሹራንስ ለሌለው ልጅ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀጠሮዎች ቢመደብ ማን ይጎዳል? ቤተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን አዳራሽ አላቸው፤ በወር አንድ ቅዳሜ ለወላጆች ይክፈቱ። ከመካከላችን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ነርሶች፣ ሶሻል ወርከሮችና መምህራን አሉ፤ አማርኛቸውን ለሠርግ ንግግር ብቻ አያስቀምጡት፤ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ያንብቡልን፣ የሚጻፈውን ይጻፉልን። አባቶችም ወደ ስብሰባው ይምጡ፤ ይህ የእናት ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መቅረት ራሱ ፎርፎ ነው።

ጎረቤት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ያድርግ፤ ምላሱን ይሰብስብ። የእነ እገሌ ልጅ ትምህርት አቋረጠ ብሎ ከማውራት «በርቺ፣ ጠዋት እኔ ላድርሰው?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል። ለፈራ ልጅ ከሰፈር የመጣ ሌላ ሰው መኪና ውስጥ መግባት አንድ የመሰላል ደረጃ ሊሆንለት ይችላል።

እዚህ አገር የመጣነው ለልጆቻችን ነው እንላለን። እውነት ከሆነ፣ ልጁ ያመጣውን የምስክር ወረቀት ብቻ ሳይሆን የፈራውንም ፍርሃት እንቀበልለት። በሚቀጥለው ሰኞ ማለዳ ሆዴን ሲል ጥያቄያችን «ምን ሆነህ ነው የምትሰንፈው?» አይሁን። «የፈራኸው ምንድን ነው? እስቲ ከየትኛው ደረጃ እንጀምር?» ይሁን። ልብ ያለው ልብ ይበል።

ቸር ይግጠመን።